ወጪ ቀነስን፤ ዕዳው ግን ለምን ንቅንቅ አልል አለ?

በኑሮ ውድነት ወቅት ምክር አይጠፋም። «ቀበቶ አጥብቁ፤ ዕዳችሁን ቶሎ ክፈሉና ተገላገሉ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይደጋገማል። ምክሩ የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ለዜሮ ተጠግቶ የነበረውን የወለድ ምጣኔ እስከ ጁላይ 2023 ድረስ ወደ 5.25–5.50 በመቶ አደረሰው። ሌሎች በርካታ ማዕከላዊ ባንኮችም በዚያው ሰሞን ወለድ ጨምረዋል። ተንሳፋፊ ወለድ ያለበት ውል የፈረመ ሰው፣ ማለትም የወለዱ መጠን ከገበያው ጋር ከፍ ዝቅ የሚልበት ተበዳሪ፣ ምንም አዲስ ነገር ሳይበደር ወርሃዊ ክፍያው ሲያድግ አየ።

ከምክሩ ጎን ለጎን ግን አንድ ግራ መጋባት አለ። ብዙ ሰው ወጪውን በእርግጥ ይቀንሳል። ይህን ይተዋል፣ ያን ያስቀራል። ከዓመት በኋላ የብድር መግለጫውን ሲያይ ቁጥሩ ያው ነው ማለት ይቻላል። «ይሄን ሁሉ ችዬ ምን ተረፈኝ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወጪ መቀነስ እና ዕዳ መቀነስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ገንዘቡ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋውም መንገድ ላይ ነው።

ወለዱ ቀድሞ ይበላል

የብድር ክፍያ ሁለት ነገር ይሸፍናል። አንደኛው ዋናው ብድር ነው፤ በእጃችን የገባው ገንዘብ ማለት ነው። ሁለተኛው ወለድ ነው፤ በሰው ገንዘብ የመጠቀም ኪራይ ልንለው እንችላለን። በአብዛኞቹ የባንክ ብድሮች ወለዱ የሚሰላው በየወሩ በቀረው ዋና ብድር ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ የቀረው ብዙ ስለሆነ ወለዱም ብዙ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። የገንዘቡ ዓይነት ምንም ይሁን፣ አንድ ሰው 100,000 በ18 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ5 ዓመት ተበደረ እንበል። ወርሃዊ ክፍያው 2,539 ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 1,500ው ወለድ ነው። ዋናውን ብድር የሚነካው 1,039 ብቻ። አምስቱን ዓመት ሳያዛንፍ ቢከፍል በድምሩ 52,360 ገደማ ለወለድ ያወጣል።

ይኸው ሰው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ 500 ቆጥቦ በክፍያው ላይ ቢጨምርስ? ብድሩ በ60 ወር ፋንታ በ46ኛው ወር ያልቃል። ከወለዱም 13,500 ገደማ ይቀርለታል። ያንኑ 500 መጨመር የጀመረው በሦስተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ቢሆንስ? ብድሩ በ53ኛው ወር ያልቃል፤ የሚተርፈው ወለድ ግን 4,500 ገደማ ነው። በሁለተኛው አካሄድ ሙሉ 500 የጨመረባቸው ወራት ከ45 ወደ 28 ዝቅ ማለታቸው እውነት ነው። ጥቅሙ ግን ከዚያ ይበልጥ ወርዷል፤ ወደ ሲሶ። ዕዳ ላይ ሲሆን ቀድሞ የተከፈለ 500 ዘግይቶ ከተከፈለ 500 ጋር እኩል አይደለም።

በክሬዲት ካርድና በመሰል ዕዳዎች ላይ ነገሩ ይብሳል። እነዚህ ዕዳዎች «ዝቅተኛ ክፍያ» የሚባል ነገር አላቸው። በየወሩ ቢያንስ ይህን ያህል ክፈል፣ ሌላው ይቆይልህ ማለት ነው። ወለዱ በወር 2 በመቶ፣ ዝቅተኛ ክፍያው ደግሞ ከቀሪው ዕዳ 3 በመቶ ነው እንበል። ዕዳው በወር የሚቀንሰው በ1 በመቶ ብቻ ነው። 100,000 ያለበት ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ዝቅተኛውን ብቻ ቢከፍል በጠቅላላው 136,000 ገደማ ያወጣል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ገና 54,700 ይቀርበታል። ይህ ሰው አንድም ቀን አላጠፋም፤ የተጠየቀውን በሰዓቱ ከፍሏል።

መንግሥታት ይህን አይተው ጣልቃ ገብተዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ የካርድ ሰጪዎች ዝቅተኛውን ብቻ የሚከፍል ደንበኛ ዕዳውን ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት በመግለጫው ላይ እንዲጽፉ አስገድዳለች። የብሪታንያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 «ሥር የሰደደ ዕዳ» የሚል መለኪያ አወጣ። በ18 ወራት ውስጥ ከዋናው ብድር ይልቅ ለወለድና ለልዩ ልዩ ክፍያዎች የበለጠ ያወጣ የካርድ ተበዳሪ በዚህ ውስጥ ይመደባል። አበዳሪውም ዝም ብሎ ማየት አይችልም።

በጭንቅላት ለማስላት 72ን ለወለዱ መጠን ማካፈል ይበቃል። በ24 በመቶ የሚያድግ ያልተከፈለ ዕዳ በ3 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስሌቱ የቆየ ነው፤ ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ በ1494 ጠቅሶታል።

የተቆጠበው ገንዘብ የት ገባ?

አንድ ሰው ወሩ በገባ በ3ኛው ቀን የማያየውን የፊልም ሰብስክሪፕሽን ሰረዘ እንበል። 300 ተረፈው። ግን 300ው የትም አልተጻፈም። ደመወዝ በገባበት ሒሳብ ውስጥ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ተቀምጧል። በ11ኛው ቀን ሥራ ቦታ መዋጮ ተሰበሰበ። በ17ኛው ቀን የስልክ ቻርጀር ተበላሸ። በ24ኛው ቀን ደግሞ «በዚህ ወር እኮ ቆጥቤያለሁ» ብሎ ራሱን ካደነቀ በኋላ ጫማ ቀየረ። ወሩ ሲያልቅ ቁጠባው ትዝታ ሆኗል። ሰውየው ዋሽቶ አይደለም። ወጪውን በእርግጥ ቀንሷል፤ ገንዘቡ ግን ወደ ብድሩ አልሄደም።

እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ታለር «የአእምሮ ሒሳብ» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ይሠራል። ገንዘብ ሁሉ አንድ ነው፤ ሰው ግን በሐሳቡ በየኪሱ ይከፋፍለዋል። ይሄ የቤት፣ ይሄ የመዝናኛ፣ ይሄ የክፉ ቀን ይላል። ስም ያልወጣለት ገንዘብ ደግሞ ባለቤት አልባ ስለሚመስል በቀላሉ ይወጣል። ከተሰረዘ ወጪ የተረፈ ገንዘብ በተፈጥሮው ስም የለሽ ነው። ሳይወጣ የቀረ ነገር አይታይማ።

መፍትሔው ከፈቃድ ጥንካሬ ይልቅ የቅደም ተከተል ጉዳይ ይመስለኛል። «በወሩ መጨረሻ የተረፈውን እከፍላለሁ» የሚል ዕቅድ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ በወሩ መጨረሻ የሚተርፍ ነገር የለምና። ደመወዝ በገባበት ዕለት ተጨማሪው ክፍያ በራሱ እንዲተላለፍ ለባንክ ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ መስጠት ይቻላል። ያኔ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ዕዳው ይከፈላል፤ ከዚያ ኑሮው በቀረው ይጣጣማል። ሰብስክሪፕሽኑን የሰረዘውም ሰው በዚያው ቀን የቋሚ ትእዛዙን መጠን በ300 ከፍ ቢያደርግ ኖሮ ጫማው ሌላ ወር በጠበቀ ነበር።

ትናንሹ ወጪ ወይስ ትልቁ?

በዚህ ላይ ክርክሩ የቆየ ነው። አንዱ ወገን «የሚገድለን ጥቃቅኑ ነው» ይላል። በየቀኑ የሚወጣ ትንሽ ገንዘብ በዓመት ሲደመር ያስደነግጣል። ሌላው ወገን ይህ ክርክር ሰውን በማይረባ ነገር ያሸማቅቃል ባይ ነው። ቤት ኪራይ፣ መጓጓዣና ኢንሹራንስ ገቢውን ጠራርገው ሲወስዱ ስለ ትናንሽ ደስታዎች መስበክ ተገቢ አይደለም ይላል።

ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ግን አንድ ልዩነት ብዙም አይነሳም። ትልቅ ቋሚ ወጪን ለመቀነስ የሚወሰነው አንድ ጊዜ ነው። ርካሽ ቤት መግባት፣ መኪና መሸጥ፣ የኢንሹራንስ ውል ማወዳደር አድካሚ ነው፤ አንዴ ከተደረገ ግን በየወሩ ያለ ተጨማሪ ትግል ይሠራል። ትንሿን ወጪ ግን በየቀኑ እምቢ ማለት ያስፈልጋል። በወር ሠላሳ ጊዜ። የደከመ፣ የተበሳጨ፣ የቸኮለ ሰው ሠላሳ ጊዜ አያሸንፍም። ስለዚህ ቁጥሩ እኩል ቢሆን እንኳ የመጀመሪያው የበለጠ ይዘልቃል። ከትናንሾቹ ውስጥ የሚያዋጡት በራሳቸው የሚቆረጡት ናቸው፤ የተረሱ ሰብስክሪፕሽኖች፣ የማይጠቀሙባቸው የአባልነት ክፍያዎች፣ የሒሳብ ማስተዳደሪያ ቅንስናሾች። አንዴ ተሰርዘው ይረሳሉ።

ዕቅድ የሚያፈርሰው ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ውጪ ያለ ወጪ ነው። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቅ የሚል ወጪ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዓመታዊ ኢንሹራንስ፣ የመኪና ጥገና፣ ሠርግ። እነዚህ «ድንገተኛ» ይባላሉ እንጂ አብዛኞቹ ቀናቸው ይታወቃል። ወርሃዊ በጀት ውስጥ ስለማይገቡ አሥራ አንድ ወር ይረሳሉ። በአሥራ ሁለተኛው ወር አዲስ ብድር ያስወስዳሉ። የዓመቱን ድምር ለ12 አካፍሎ በየወሩ ማስቀመጥ አሰልቺ ምክር ነው። ሆኖም ከየትኛውም የቁጠባ ዘዴ ይልቅ ብዙ የዕዳ ዕቅዶችን ሊያድን የሚችለው እሱ ነው።

ቅነሳው ሲበዛም ችግር አለው። ሳይንስ በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከመኸር በፊትና በኋላ ፈተነ። እነዚያው ሰዎች ገንዘብ ባጠራቸው ጊዜ የአስተሳሰብ ፈተናውን ባሰ ውጤት ሠሩ። አንዳንድ ተመራማሪዎች የስታቲስቲክስ ትንተናውን ስለተቹ ግኝቱን እንደ መጨረሻ ቃል መያዝ አይገባም። ሐሳቡ ግን ከተበዳሪዎች ልምድ ጋር ይገጥማል። ሁሉን ነገር የከለከለ በጀት ከጥቂት ወራት በኋላ ይሰበራል። ሲሰበር ደግሞ በግማሽ አይደለም።

ውሉን ያላነበበ ተበዳሪ

ተጨማሪ ክፍያ ሁልጊዜ ወደ ዋናው ብድር አይገባም። አንዳንድ አበዳሪዎች ትርፉን እንደ ቀጣዩ ወር ቅድሚያ ክፍያ ይመዘግቡታል። ተበዳሪው ዕዳውን የቀነሰ ይመስለዋል፤ የቀነሰው ግን የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ነው። በመሆኑም ተጨማሪው ገንዘብ ከዋናው ላይ እንዲቀነስ በጽሑፍ መጠየቅና በሚቀጥለው መግለጫ ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዋናው ሲቀነስም ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ወርሃዊ ክፍያው ይነስ ወይስ የብድሩ ዘመን ይጠር? ቶሎ መጨረስ ለሚፈልግ ሰው መልሱ ሁለተኛው ነው።

አንዳንድ ውሎች ብድርን አስቀድሞ ለሚዘጋ ሰው ቅጣት አላቸው። አበዳሪው ሊያገኝ የነበረውን ወለድ ማካካሻ ነው። ቅጣቱ ከሚተርፈው ወለድ ከበለጠ መቸኮሉ ትርጉም የለውም።

ይበልጥ የሚያደናግረው ግን «ጠፍጣፋ ወለድ» የሚባለው አሠራር ነው። እዚህ ወለዱ የሚሰላው በቀረው ሳይሆን መጀመሪያ በተወሰደው ሙሉ ብድር ላይ ነው። ተበዳሪው ግማሹን ከፍሎም በሙሉው ላይ ወለድ ይከፍላል። በዓመት 10 በመቶ ጠፍጣፋ የተባለ የአንድ ዓመት ብድር በየወሩ በእኩል የሚከፈል ከሆነ፣ እውነተኛ ዋጋው ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። እንዲህ ያለ ውል ውስጥ ተጨማሪ መክፈል ወለዱን ላይቀንስ ይችላል። ውሉ ካልፈቀደ በቀር ገንዘቡን ሌላ ዕዳ ላይ ማዋል ይሻላል።

ብዙ ዕዳ ሲኖር የትኛው ይቅደም?

ሁለት ስልቶች ይታወቃሉ። «የበረዶ ናዳ» የሚባለው የሁሉንም ዝቅተኛ ክፍያ ከፍሎ ትርፉን ከፍተኛ ወለድ ባለው ዕዳ ላይ ማዋል ነው። «የበረዶ ኳስ» ደግሞ ወለዱን ትቶ ትንሿን ዕዳ አስቀድሞ መዝጋት ነው። በሒሳብ የመጀመሪያው ያሸንፋል፤ የሚከፈለው ጠቅላላ ወለድ ያነሰ ነውና።

ሰው ግን ካልኩሌተር አይደለም። ዴቪድ ጋል እና ብሌክሊ ማክሼን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንድ የዕዳ አደራዳሪ ድርጅት ደንበኞችን መረጃ መረመሩ። ዕዳዎችን አንድ በአንድ መዝጋት የቻሉት ሰዎች በመጨረሻ ከሙሉ ዕዳቸው የመላቀቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። የተዘጋው ዕዳ ትንሽ ቢሆንም እንኳ። መረጃው በከባድ ዕዳ ውስጥ ካሉ ሰዎች የተወሰደ ስለሆነ ለሁሉም ይሠራል ለማለት ያስቸግራል። የወለዶቹ ልዩነት ጥቂት ከሆነ ትንሿን ዘግቶ መተንፈስ ብዙ አያስከፍልም። አንዱ በ10፣ ሌላው በ35 በመቶ ከሆነ ግን ትንሿን መዝጋት ውድ ደስታ ነው።

እጅን ባዶ አድርጎ መክፈል

ዴቪድ ግሮስ እና ኒኮላስ ሱሌለስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ እንቆቅልሽ አሳይተው ነበር። ብዙ አሜሪካውያን ከፍተኛ ወለድ ያለው የካርድ ዕዳ ተሸክመው፣ በጎን ዝቅተኛ ወለድ የሚያስገኝ ገንዘብ ባንክ ያስቀምጣሉ። በሒሳብ ካየነው ኪሳራ ነው። ገንዘቡን አውጥቶ ዕዳውን መክፈል ይቀላል።

ነገር ግን ለዕዳ የተከፈለ ገንዘብ ተመልሶ አይወጣም። ያለውን ሁሉ ከፍሎ በማግስቱ የታመመ ወይም ከሥራ የተቀነሰ ሰው እንደገና ይበደራል፤ ምናልባትም በባሰ ወለድ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። የገንዘብ አማካሪዎች በአብዛኛው የሦስት እስከ ስድስት ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ ይመክራሉ። ውድ ዕዳ ላለበት ሰው ግን ይህ የበዛ ይመስለኛል። የአንድ ወር ያህል አስቀምጦ ቀሪውን በዕዳው ላይ ማዋል፣ መጠባበቂያውን ደግሞ ዕዳው ሲቀልል ማሳደግ ሚዛናዊ ነው። ገቢው የማይቆራረጥና ገቢው የሚዋዥቅ ሰው ግን እኩል አይሆኑም፤ ሁለተኛው ወፈር ያለ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል።

መቸኮል የማያዋጣበት ጊዜ

የዋጋ ንረት ከወለዱ ሲበልጥ ስሌቱ ይለወጣል። ብድሩ በ12 በመቶ ቋሚ ወለድ ተይዞ ዋጋ በዓመት በ20 በመቶ ቢያድግ፣ ዕዳው በመግዛት አቅም ሲለካ በራሱ እየሟሸሸ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች «ለምን እቸኩላለሁ?» ይላሉ። ክርክሩ የሚሠራው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ገቢም ከዋጋው ጋር ማደግ አለበት። ደመወዙ ባለበት የቆመ ሰው ዕዳው በወረቀት ላይ ቢሟሽሽም ክፍያው ከኪሱ ውስጥ የሚወስደው ድርሻ አይቀልለትም። ወለዱ ተንሳፋፊ ከሆነም ክርክሩ ይፈርሳል።

ከአንድ ቤት ወጣ ብለን ካየነው ሌላ ጉዳይም አለ። የእኔ ወጪ የሌላው ገቢ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጪውን ቆርጦ ዕዳ ሲከፍል ሽያጭ ይወርዳል፣ ሥራ ይጠፋል። የኢኮኖሚክስ ሊቃውንቱ ኢርቪንግ ፊሸር በ1933፣ ጆን ሜይናርድ ኬንስ በ1936 በየበኩላቸው ይህን ጽፈውታል። ይህ ግን የመንግሥት ፖሊሲ ጉዳይ ነው። አንድ ቤተሰብ ኢኮኖሚውን ለማነቃቃት ብሎ ዕዳውን ማቆየት አይጠበቅበትም።

የሚቀነስ ሲጠፋ

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚሠራው ሊቀነስ የሚችል ወጪ ላለው ሰው ነው። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው የሚቆርጠው የለውም። ለእሱ ጥያቄው ገቢ ነው፣ ወይም የብድሩ ውል። ክፍያ ከማቋረጡ በፊት አበዳሪውን ማነጋገር የተሻለ ነው፤ ክፍያ ከተቋረጠ በኋላ ቅጣት ይደመራል፣ የመደራደር አቅምም ይቀንሳል።

የተለመደው መላ የብድሩን ዘመን ማራዘም ነው። ዋጋውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ከላይ ያነሳነው የ100,000 ብድር ከ5 ወደ 7 ዓመት ቢሆን ኖሮ ወርሃዊ ክፍያው ከ2,539 ወደ 2,102 ገደማ ይወርድ ነበር። ለኪስ በወር 437 እፎይታ ነው። ጠቅላላ ወለዱ ግን በ24,000 ገደማ ይጨምራል።

ይህ ጭማሪ የማይቀር ዕጣ አይደለም። ውሉ ቅድመ ክፍያን ያለ ቅጣት የሚፈቅድ ከሆነ፣ በሰባት ዓመት ውል ላይ በየወሩ 2,539 የሚከፍል ሰው ያው በ60 ወር ይጨርሳል። ባጠረው ወር 2,102 ይከፍላል፣ በተሻለው ወር ወደ 2,539 ይመለሳል። ለማራዘም የሚደራደር ሰው ስለ ወርሃዊው መጠን ብቻ ሳይሆን ስለዚህች አንቀጽም መጠየቅ አለበት፤ ከመፈረሙ በፊት።